በቃል የያዝነው ሴሚስተር

ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤታችንን መጋዘን ስናጸዳ ነው የድሮው ትዝታ የተነሣብኝ። የንብረት ክፍሏ ዘነቡ ጥግ የተከመረውን የተሰባበረ ዴስክ እየጎተተች ስታወጣ፣ ከሥሩ ያ የጥንቱ የስቴንስል ማባዣ ብቅ አለ። እጀታው ዝጓል፤ ክዳኑ ተጣሟል። እንደ ዋዛ ከፈት ባደርገው ሽታው እንዳለ አለ። ያ ጥቁር፣ ዘይት ዘይት የሚል፣ አንዴ አፍንጫ ከገባ ቀኑን ሙሉ የማይወጣ የማባዣ ቀለም ሽታ። "ጋሽ ሰሎሞን፣ ምነው? አመመዎት እንዴ?" አለችኝ ዘነቡ። "ኧረ ደህና ነኝ፤ አቧራው ነው" አልኳትና መጥረጊያውን ግድግዳ አስደግፌ ወጣሁ። ሥራውን ለሷ ጥዬ መውጣቴ ነው። ከዚያ ወዲያ እግሬ ማረፍ እምቢ አለ። ከመናኸሪያው እስከ ገበያው፣ ከገበያው እስከ ወልዲያ መውጫ፣ ደግሞ ተመልሼ፤ አንዱ ባለ ባጃጅ "ጋሼ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?" ብሎ እስኪጠይቀኝ ድረስ ሐይቅ ከተማን ከላይ እስከ ታች ተመላለስኩባት።

ድሮም ቁጭ ብዬ ማሰብ አይሆንልኝም። ባለቤቴ "አንተን ከማግባቴ በፊት የቤቱን ወለል ሲሚንቶ ማስደረግ ነበረብኝ" እያለች ትተርበኛለች። ሰሞኑን ደግሞ ለቤቱ ሁለተኛ ተመላላሽ ተገኝቶለታል። ልጃችን ሴሚስተሩን ጨርሳ ከዩኒቨርሲቲ መጥታ ውጤቷን ትጠብቃለች። ስልኳን ታነሣለች፣ ታስቀምጣለች፤ ኔትወርኩን ትረግምና በረንዳ ትወጣለች፤ ትመለሳለች። "ለመሆኑ በዚህ ሴሚስተር ምን ተማርሽ?" ብዬ ብጠይቃት፣ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ "አባዬ፣ አሁን የሱ ጊዜ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሴሚስተር ሲያልቅ ስለ ትምህርቱ የሚያስብ ተማሪ አላየሁም። እኔም በሷ ዕድሜ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ያለቀ ሰሞን፣ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከኮሌጅ እባረር ይሆን ወይስ አልባረር።

ደሴ ኮሌጅ የገባሁት መንግሥት ተለውጦ ሰዉ ገና "እስቲ ይሁን" እያለ በጎሪጥ በሚተያይበት ጊዜ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ ይምታታብኛል። ሻይ በስሙኒ እንደነበረ ግን አይምታታብኝም። ፒያሳ ከነበረችው ጠባብ ሻይ ቤት ገብቶ ሻይ በዳቦ የበላ ተማሪ ሃምሳ ሳንቲም አይሞላበትም፤ ስኳሩ ደግሞ ባለቤቲቱ ዞር እስካለች ድረስ እንደ ልብ ነው። ከሐይቅ ደሴ የአውቶቡስ ሁለት ብር ነበር። ሰኞ ገበያ ከልባሽ ጨርቁ ክምር ውስጥ ኮት መርጦ ማውጣት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፤ እኔ መርጬ ያወጣሁት ቡናማ ኮት እጅጌው ጣቶቼን ይሸፍናል፣ የውስጥ ኪሱ ውስጥም በማላውቀው አገር ፊደል የተጻፈ የአውቶቡስ ቲኬት ተገኝቶበታል። ቲኬቱን ሳልጥለው ስንት ጊዜ ይዤው ኖርኩ። ከኮቱ ሥር ኮንጎ ጫማ። ቆንጆ ነኝ ብዬ ነበር የምሄደው። የካሴት ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ደጅ ያወጡና አንዱ አምባሰል ሲለቅ ማዶ ያለው ባቲ ይለቅበታል፤ መሃል አስፋልት ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም አንድ ላይ ይሰማል። "ይኼ ደሞ አምስተኛው ቅኝት ነው" ይል ነበር ሰይድ።

ሰይድ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ የሐይቅ ልጅ። አባቱ ዓሣ አጥማጅ፣ እናቱ መናኸሪያው አጠገብ የተጠበሰ ዓሣ ሻጭ ነበሩ። እኔ ከውጫሌ በላይ የተወለድኩ የአምባሰል ገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ እጄን አይተው "ይህ እርፍ የሚይዝ እጅ አይደለም" አሉና ገና በልጅነቴ ሐይቅ እስጢፋኖስ ለየኔታ ሰጡኝ። የኔታ ዘንድ እያደርኩ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት እማራለሁ፤ ቀን ደግሞ በእግሬ ከተማ ወጥቼ የመንግሥቱን እማራለሁ። ማትሪክ ማለፌ ሲሰማ የኔታ አስጠሩኝ። ከዚያ "እንግዲህ ሂድ። ጎጆህን ግን ለመጣው ተማሪ እሰጣታለሁ፤ ባዶ አላስቀምጣትም" አሉኝ። አልተቆጡም፤ ደስም አላላቸውም። አምባሰልም መሬቱ ተሸንሽኖ ለወንድሞቼ ደርሷል። ደሴ ስገባ ከኋላዬ የሚጠብቀኝ ቦታ አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሰይድ ያውቅ ነበር፤ አንድ ቀን ሻይ ይዘን ነግሬዋለሁ።

የአብነት ትምህርት ቤት ያላየ ሰው የምለው ላይገባው ይችላል። እኛ ዘንድ ትምህርት ማለት ቃል ነው። የኔታ ይላሉ፤ አንተ ትላለህ። ምን ማለት ነው ብለህ አትጠይቅም። ትርጉም የራሱ ጊዜ፣ የራሱ መምህር አለው፤ ምናልባት ከስንት ዓመት በኋላ፣ ምናልባትም ሌላ አገር ሄደህ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ግን ሳታጎድል፣ ሳትጨምር ቃሉን ትይዛለህ። ግዕዙን እንዲህ ነው የያዝኩት። ሰይድም ቁርኣኑን በልጅነቱ የያዘው እንዲሁ ነው፣ ዐረብኛ ሳያውቅ። ስለዚህ ኮሌጅ ገብተን መምህራችን በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ ገና እጅ የሚያቆሽሽ የእንግሊዝኛ ሃንድአውት ሲያድሉን፣ ሌሎቹ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት ፍለጋ ሲራወጡ፣ እኔና ሰይድ ተያየን። ይህንን እናውቀዋለን። የማይገባን ቋንቋ ሌላ አንድ ተጨመረ እንጂ ሥራው ያው ነው። በቃል መያዝ ነው።

ከኳስ ሜዳው ዳር ረጅም ግንብ ነበር። አንዳችን በግንቡ ጥግ በቃል እንወጣዋለን፤ ሌላችን ወረቀቱን ይዘን እንሰማለን። እኔ ካልተራመድኩ ቃል አይመጣልኝም፤ ሰይድ ደግሞ ተቀምጦ ወደፊት ወደ ኋላ ካልተወዛወዘ አይሆንለትም። ከአብነቱም ከመድረሳውም ይዘነው የመጣነው አንድ ሕግ ነበረን፤ ቃሉ መሬት እንዳይወድቅ አንዱ ሲቆምበት ሌላው ወዲያው ይቀበለዋል። ይህ ነገር ቀስ በቀስ ከቁጥጥራችን ወጣ። ሰይድ ፊቱን ሳሙና ተቀብቶ ሳለ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጀምሬ ብቆም፣ ከሳሙናው ሥር ሆኖ ይጨርስልኛል። እየሳቀ "መሪጌታ" ይለኛል፤ እኔ "ሼሁ" እለዋለሁ። የዶርሙ ልጆች "ሁለቱ እብዶች" ነበር የሚሉን። ያጠናነው ምን እንደሚል ግን፣ እዚህም እዚያም ከምናውቃት ጥቂት ቃል በቀር፣ ሁለታችንም አናውቅም ነበር።

ፈተናው ደረሰ። የማስተማር ዘዴ ነው የኮርሱ ስም። ወንበር በስም ፊደል ተራ ስለሚደለደል ሰይድና ሰሎሞን ጎን ለጎን ነን። ከጥያቄው ውስጥ የምናውቀውን ቃል ፈልገን አገኘነው፤ ቃሉ ሃንድአውቱ ላይ ካለበት ገጽ ጀምረን እስከ መጨረሻው ለቀቅነው። ነጠላ ሰረዝ አላጎደልንም። ስንወጣ ሰይድ እጁን እያፍታታ "ወላሂ፣ ዛሬስ ኸቲቸር በላይ ነው የጻፍነው" አለኝ።

የሴሚስተር መጨረሻ ስሜቱ ልዩ ነው። ፍራሽ ይጠቀለላል፤ የብረት ሳጥን በኮሪደሩ ይንኳኳል፤ ሴሚስተሩን ሙሉ ያላናገረህ ልጅ መጥቶ አድራሻህን ይጠይቅሃል። ሁሉም ሊሄድ ነው፤ ሁሉም ደግሞ ውጤቱ እስኪለጠፍ መሄድ አልቻለም። እኔ ግንቡን እየዞርኩ ምን ተማርኩ እያልኩ ራሴን ጠየቅኩ፤ ስድስት ገጽ እንግሊዝኛ ብዬ መለስኩ፤ ኮራሁም። ውጤቱ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ከኔና ከሰይድ ስም ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። በዚያው ቀን ቢሮ ተጠራን።

መምህራችን ቀጠን ያሉ፣ ሹራብ የማይለያቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ነበሩ። የሁለታችንን የፈተና ወረቀት ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና "አንብቡት። ልዩነት ካገኛችሁ ንገሩኝ" አሉን። ልዩነት ከየት ይመጣል። "ከሁለታችሁ አንዱ ገልብጧል" አሉ ቀስ ብለው። "የገለበጠው ራሱ ይንገረኝ፤ እሱ ይሰናበታል፣ ሌላው ይማራል። ሁለታችሁም ዝም ካላችሁ ነገሩ ለኮሚቴ ይቀርብና ሁለታችሁም ትሄዳላችሁ። ለሁለተኛው ሴሚስተር ምዝገባ ስትመጡ መልሳችሁን ይዛችሁ ኑ።"

"ቲቸር፣ በቃላችን ይዘነው እኮ ነው" አለ ሰይድ።

"ስድስት ገጽ?" አሉና ፈገግ አሉ። እንዳላመኑን ገባን። እዚያው ቆመን ብንወጣው ኖሮ ነገሩ ያኔ ባለቀ ነበር፤ ግን ሌላ ሰው በሩን አንኳኳ፣ እኛም እጅ ነስተን ወጣን።

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ቦሩ ሜዳን አለፍን። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አስተማሪው አንድ በር ከፍተውልናል፤ ግን አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ በር ነው። ሐይቅ ስንደርስ ሰይድ ሳጥኑን ከጣሪያው ላይ ተቀብሎ "አብሽር፣ መሪጌታ" አለኝ። ሲለኝ ፊቱን አላሳየኝም። እኔ ወደ ውጫሌ ቀጠልኩ።

ቤት ገብቼ አንድ ቀን ተቀምጬ አልዋልኩም። እህሉ ገና አውድማ ላይ ነበር፤ መንሹን አነሣለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ ከብት እነዳለሁ ብዬ እወጣና ከብቶቹን ትቻቸው እመለሳለሁ። ከደጃችን ራቅ ብሎ ወደ ግሸን የሚወጣው መንገድ ያልፋል፤ እሱን ይዤ ግማሽ ቀን ከሄድኩ በኋላ ለምን እንደሄድኩ ጠፍቶኝ የተመለስኩበት ጊዜ አለ። እናቴ "ኸመጣህ ጀምሮ ቤቱን ትዞረዋለህ፤ የጎረበጠህ አለ?" አለችኝ። አባቴ ለኔ ሆነው መለሱላት፤ "ተይው፣ የተማረ ሰው እንዲህ ነው። መምህር ሲሆን ይቀመጣል።" ለጎረቤቱ ሁሉ ልጄ መምህር ሊሆን ነው ብለው ነግረዋል። ሰው ሲመጣ ኮቴን አምጥተው ያሳያሉ።

ክፉ ክፉውን አሰብኩ። ሰይድ ቀድሞኝ ሄዶ "እሱ ነው የገለበጠኝ" ቢልስ እላለሁ። ወዲያው ደግሞ ሰይድ እንዲህ አያደርግም እላለሁ። ከዚያ ዞሬ፣ እኔ ነኝ ብልስ እላለሁ፤ እንዲህ እንዳልኩ እስጢፋኖስ በነበረችኝ ጎጆ ውስጥ ሌላ ተማሪ ተኝቶ ይታየኛል። ለገበያ ሐይቅ በወረድኩ ቀን ሰይድን ከሩቅ አየሁት። ዓሣ በሰሌን ጠቅልሎ ተሸክሟል። "ሼሁ" ብዬ ተጣራሁ። አየኝ። አየኝና ፊቱን አዙሮ በሁለት ሱቆች መካከል ገባ። የገበያው ጫጫታ ሁሉ በአንዴ ጆሮዬ ላይ የጠፋ መሰለኝ።

ከዚያው በእግሬ ወደ እስጢፋኖስ ሄድኩ። የኔታ ከዛፉ ሥር ተቀምጠው ለተማሪዎቻቸው ቃል ይነግሩ ነበር። ጉልበታቸውን ሳምኩ። "ተቀመጥ" አሉኝ። ተቀመጥኩ፤ ተነሣሁ።

"ምን ነክቶሃል፣ ልጄ?"

ነገርኳቸው። አንዱንም አላስቀረሁም። ሰምተው ሲያበቁ ስለ መባረሩ አንድ ቃል አልጠየቁኝም። "ያን የፈረንጅ ቃል አሁንም ይዘኸዋል?" አሉኝ።

"ይዤዋለሁ፣ የኔታ።"

"እስቲ አሰማኝ።"

"እንግሊዝኛ እኮ ነው።"

"ቃል አይደለም እንዴ?"

ከዛፉ እስከ ውሃው ዳር እየተመላለስኩ አሰማኋቸው። ተማሪዎቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይሥቃሉ። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መቋሚያቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ "ምን ይላል?" አሉ።

"አላውቀውም፣ የኔታ።"

"ትርጓሜውን መቼ ነው የሚነግሯችሁ?"

"አይነግሩንም። ገብቷቸዋል ብለው ነው የሚያስቡት።"

የኔታ ሲሥቁ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ግን ትከሻቸው ተንቀሳቀሰ። "በል እንግዲህ፣ ለኔ ያሰማኸኝን ሂድና ለሳቸው አሰማቸው። ሌላ ምን መልስ አለህ" አሉኝና መረቁኝ። ያ ምርቃት ነው ደሴ ያደረሰኝ።

በምዝገባው ቀን ቢሮው በር ላይ ሰይድን አገኘሁት። ሸሚዙን አጥቦ፣ ጸጉሩን ተላጭቶ መጥቷል። ላናግረው አፌን ስከፍት በሩ ተከፈተ። ገባን። መምህሩ መነጽራቸውን አስተካክለው "እህሳ?" እንዳሉ፣ ሰይድ እኔን ሳያይ "ቲቸር፣ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ሰሎሞን የሚያውቀው ነገር የለም" አለ።

መምህሩ እስክሪብቷቸውን አነሡ። "ውሸቱን ነው፣ ቲቸር" አልኩ። "ማስረጃ አለህ?" አሉኝ። "አለኝ። ግን ካልተራመድኩ አይሆንልኝም፤ ይፍቀዱልኝ" አልኳቸው። ግራ ተጋብተው እጃቸውን ዘረጉ። ቢሮዋ ከፋይል ሳጥኑ እስከ መስኮቱ አራት እርምጃ ብትሆን ነው። እዚያች ላይ እየተመላለስኩ ጀመርኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ሳጋምስ መምህሩ መሳቢያቸውን ከፍተው ሃንድአውቱን አወጡና በጣታቸው ይከተሉኝ ጀመር። ሁለተኛው ገጽ ላይ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። እኔ ደግሞ በዚያው ቅጽበት አንድ ነገር ገባኝ። የምወጣው ለራሴ ብቻ ነው። እኔ በቃሌ ከያዝኩት፣ ገልባጩ እሱ ነው ማለት ነው፤ በአንደበቱም አምኗል። በጨመርኩ ቁጥር እኔ እየዳንኩ ሰይድን እያባረርኩት ነው።

ሦስተኛው ገጽ ላይ ነጥቦች አሉ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ የሚዘረዝር። "ሰርድሊ" የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሦስተኛ ማለት ነው፤ እሷን አውቃታለሁ። ቀጣዩ ጠፍቶኝ አይደለም። አፌን ዘጋሁና መስኮቱን ተደግፌ ሰይድን አየሁት።

"ቀጥል እንጂ" አሉ መምህሩ።

ሰይድ ጣሪያውን ያያል። ከንፈሩን ነክሷል። ደጅ የሚመዘገቡት ተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል፤ ቢሮው ውስጥ ግን ያች ቃል ተንጠልጥላ ቀርታለች። የሰይድ ጉልበት ተንቀሳቀሰ። ትከሻው ወደፊት፣ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ብቻ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ሲነሣ አየሁት። ልቡ እምቢ አለ፤ ምላሱ ግን አልቻለም። እኔ ከቆምኩበት ቦታ ተቀበለኝ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ እየተወዛወዘ፣ በዚያ ቁርኣን ባስለመደው ፍጥነት ሦስተኛውን ነጥብ፣ አራተኛውን፣ ገጹን፣ ቀጣዩን ገጽ፣ እስከ ስድስተኛው ገጽ ግርጌ አደረሰው። ሲጨርስ ነው የነቃው። እጁን አፉ ላይ አድርጎ "ያ አላህ" አለ።

መምህሩ ሃንድአውቱን ፊታቸው ላይ አድርገው ሣቁ። መሣቅ የጀመሩት ሰይድ ሦስተኛውን ነጥብ ሲል ነው፤ ለምን እንደሆነ ሁለታችንም አልገባንም። እንባቸውን ጠርገው "ሂዱ፣ ተመዝገቡ። ከእንግዲህ በፈተና ሰዓት በሁለታችሁ መካከል ሦስት ሰው ይቀመጣል። ቃሉን ይዛችኋል፤ ትርጉሙንስ?" አሉን። ሰይድ መቼም አያፍርም፤ "ቲቸር፣ በኛ ዘንድ ትርጉም ቆየት ብሎ ነው የሚመጣ" አላቸው። ለሁለታችንም ውጤት "ሲ" ሰጡን። ለሁለታችንም እኩል መስጠታቸው ከውጤቱ በላይ ደስ አለኝ።

ደጅ እንደወጣን ኮሌታውን ያዝኩት። "ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምታደርግ?"

"አንተ ኸየኔታ ጎጆ ወጥተህ ነው የመጣህ፤ መመለሻ የለህም" አለኝ ቀለል አድርጎ። "እኔ የአባቴ ታንኳ አለኝ።"

"ገበያ ላይስ ለምን ሸሸኸኝ?"

"ፊቴን ካየኸው ታውቅብኝ የለ?"

አለቀስኩ፤ መንገድ ላይ፣ በዚያ እጅጌው በረዘመ ኮት እየጠረግኩ። "ይኼ ኮት ለካ ጥቅም አለው" አለኝ። ፒያሳ ወርደን ሻይ ጠጣን፤ ባለቤቲቱ ዞር ስትል እሱ ለኔ፣ እኔ ለሱ ስኳር ጨመርን።

ሁለታችንም መምህር ሆንን። እኔ መጀመሪያ አምባሰል ውስጥ መኪና የማይደርስበት ትምህርት ቤት ተመደብኩ፤ ሰይድ ሐይቅ ደረሰው። እዚያ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ አንድ ቀን ሕፃናቱን ማባዛት በቃል ሳስወጣ፣ ሦስተኛው ነጥብ ድንገት ሳልፈልገው ትርጉሙን ይዞ መጣ። ተማሪ ሳይገባው የሚሸመድደው ነገር ዕውቀት አይሆንም ነው የሚለው። ለካ መምህራችን የሣቁት ለዚህ ነው። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ብቻዬን ስሥቅ ሕፃናቱ መምህሩ አበደ ብለዋል። በገበያ ቀን ሐይቅ ወርጄ ለሰይድ ብነግረው "እኔስ አምና ነው የገባኝ፤ አንተ እስክትደርስ እየጠበቅሁ ነበር" አለኝ። አሁን ግን ልንገራችሁ፣ በሦስተኛው ነጥብ እስከ ዛሬ አልስማማም። የገባኝንማ ስንቱን ረሳሁት። ያ ስድስት ገጽ አልጠፋም።

በኋላ እኔም ወደ ሐይቅ ተዛወርኩ። ሴሚስተር ባለቀ ቁጥር፣ ማርክ አስረክበን ስናበቃ፣ እኔና ሰይድ ወደ ውሃው ዳር እንወርዳለን። ልጆች ወለድን፣ ሸበትን፣ ከተማዋ ፎቅ አበቀለች፣ ማባዣው መጋዘን ገብቶ ኮምፒውተር መጣ፤ ይህቺ ልማድ አልቀረችም። እኔ እየተራመድኩ እጀምራለሁ፤ እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይሰማል፤ "ሰርድሊ" ብዬ እቆማለሁ፤ እሱ ይቀበለኛል። ዓሣ አጥማጆቹ ምን እንደምናደርግ አያውቁም። ሰይድ አንዳንዱን "ጸሎት ነው" ይለዋል።

ባለፈው ክረምት ሰይድ ታሞ ሰነበተና ሞተ። ቀብሩ ላይ ወገኖቹ ዱዓ ሲያደርጉ ጋቢዬን አጣፍቼ ዳር ቆሜ ነበር፤ ሰው እያጽናና "አብሽር" ሲለኝ ያ ቃል አላስቻለኝም። የዘንድሮው ሴሚስተር ያለሱ ያለቀ የመጀመሪያው ነው። ማርኬን አስረክቤ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው መጋዘን ላጸዳ ገባሁ፤ የማባዣውን ክዳን ከፈትኩት።

ያን ቀን ከተማውን ዞሬ ዞሬ፣ ጸሐይ ዘቅዘቅ ስትል ውሃው ዳር ደረስኩ። ድንጋዩ እቦታው አለ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ፤ ከድንጋዩ እስከ ደንገሉ፣ ከደንገሉ እስከ ድንጋዩ። አልተደናቀፍኩም። "ሰርድሊ" አልኩና እንደ ልማዴ ቆምኩ።

አንድ ታንኳ ወደ ዳር እየመጣ ነበር። ታንኳው ቀርቦ፣ ሰውየው ወርዶ፣ መረቡን ትከሻው ላይ አድርጎ እስኪሄድ ድረስ ጠበቅኩ። ከዚያ ድንጋዩ ላይ፣ ሰይድ ይቀመጥበት ከነበረው ላይ ተቀመጥኩና ራሴ ተቀበልኩት። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው ገጽ ግርጌ። ስጨርስ መሽቶ ነበር። ቤት ገብቼ ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ልጄ ከነስልኳ በበረንዳውና በሳሎኑ መካከል ትመላለሳለች። ባለቤቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ብዙ አየችኝና "ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው የተቀመጥከው?" አለችኝ።